መሐንዲስ ለመሆን የሚሻ ተማሪ ዩኒቨርሲቲውን እንዴት ይምረጥ?

(በተማሪ ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ በሳይንስና ቴክኒክ ክበብ አባሎች የተነገረ)



ክበባችን በዛሬው ቀን ንግግር እንዲያቀርብ በታዘዘ ጊዜ፣ ስለ ኤሌክትሪክ ኃይል ወይም ወደ ጠፈር ስለሚወነጨፉት መንኮራኩሮች እንናገራለን ብላችሁ ጠብቃችሁ ይሆናል። እኛ ግን የመረጥነው ከጠፈር ይልቅ የቀረበንን ነገር ነው። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ነን፤ ብሔራዊውን ፈተና ያለፈ ተማሪ የዩኒቨርሲቲዎችን ስም በምርጫው ተራ እየደረደረ እንዲያስገባ ይጠየቃል፤ ከመካከላችንም ሰባታችን ምሕንድስና ለመማር ቆርጠናል። ስሞቹ በምን ተራ ይቀመጡ በሚለው ነገር ከጥቅምት ጀምሮ ስንከራከር ከርመናል። ከእናንተም ጋር በየቤታችን ስንከራከርበት የከረምን ስለሆነ፣ ነገሩን ሁላችሁም በተሰበሰባችሁበት ብንናገረው ይሻላል ብለን ይዘነው ቀርበናል።

አስቀድመን ቁጥሩን እንናገር። የ2014 ዓ.ም. የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ውጤት በተገለጸ ጊዜ ግማሽና ከዚያም በላይ ያመጡት ከመቶ 3.3 ብቻ ነበሩ። በ2017 ዓ.ም. ወደ 8.4 ከፍ ብሏል። በክፍላችን ስልሳ ተማሪዎች አለን፤ በዚህ ሒሳብ ከሆነ የሚያልፉት አምስት ናቸው ማለት ነው። እኛ ሰባት ሆነን ስለ ዩኒቨርሲቲ ምርጫ ስንናገር ድፍረታችንን ታዘቡልን! ይሁን እንጂ በዚህ ጠባብ በር ያለፈ ተማሪ፣ ካለፈ በኋላ ስሞቹን የጓደኛውን እያየ የሚገለብጥ ከሆነ፣ ለአሥራ ሁለት ዓመት የደከመበትን በአንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ለዕድል ሰጠው ማለት ነው። እንዲህ ያለውን ነገር ባለፉት ዓመታት ከእኛ በፊት በነበሩት ተማሪዎች ላይ በዓይናችን አይተናል።

አሁን ብዙዎች ወላጆች የሚስቱትን አንድ ነገር እናስረዳ። አባት ልጁን «ሲቪል ምሕንድስና ምረጥ» ይለዋል፤ እናት ደግሞ «የኮምፒዩተሩ ይሻላል» ትላለች። ዳሩ ግን በዚያ ጊዜ የሚሞላው ቅጽ የሚጠይቀን በመጀመሪያ ይህን አይደለም። ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ ወደ ዩኒቨርሲቲ የሚገባ ተማሪ የመጀመሪያውን ዓመት በአብዛኛው የጋራ ትምህርት ሲማር ይቆያል፤ ሒሳብና ፊዚክስ፣ እንግሊዝኛ፣ አመክንዮ፣ ጂኦግራፊም ሳይቀር ይማራል። ምሕንድስና የሚማረው ተለይቶ ከወጣ በኋላ፣ ሲቪል ወይም ኤሌክትሪክ፣ ሜካኒካል ወይም ኬሚካል የሚለው የሚወሰነው እዚያው በግቢው ውስጥ በሚገኘው ቦታና ተማሪው በዚያ ባመጣው ውጤት ነው። እንግዲህ ዛሬ የምንመርጠው ቤቱን እንጂ የምንተኛበትን መደብ አይደለም።

ከዚህ የሚከተለው ነገር ትልቅ ነው። ከተማሪ ቤታችን ከወጡት ታላላቅ ወንድሞቻችን አንዱ፣ ስሙ እጅግ የገነነውን አንድ ዩኒቨርሲቲ በመጀመሪያ ተራ ጽፎ ተመደበ። ስሙን አንጠራውም። ፍላጎቱ ኤሌክትሪክ ነበር፤ ነገር ግን ወደዚያ ግቢ የገቡት ሁሉ ከየተማሪ ቤታቸው አንደኛና ሁለተኛ የወጡ ስለ ነበሩ፣ በጥሩ ውጤት እንኳ ለኤሌክትሪክ የሚበቃ ቦታ አላገኘም። ከማይወደው ክፍል ተመድቦ አምስቱን ዓመት ጨረሰ። ለዕረፍት በመጣ ጊዜ በጠየቅነው ጊዜ የመለሰልን እንዲህ ነው፤ «የመጀመሪያ ምርጫችሁን የሚያስተምር ዩኒቨርሲቲ አትፈልጉ፤ ሦስተኛ ምርጫችሁ ቢደርሳችሁ እንኳ የማታዝኑበትን ፈልጉ።» እኛም ይህን ቃል ከሰማን ወዲህ አመራረጣችንን ለወጥን። ከዚያ በፊት የጻፍነው ዝርዝር የዝና ዝርዝር ነበር፤ አሁን የምንጠይቀው ግን «በዚህ ግቢ ምን ምን ክፍሎች አሉ? ከነዚህስ ስንቱን በደስታ እንማራለን?» ብለን ነው።

ሁለተኛው ጥያቄያችን ደግሞ «ይህ ተማሪ ቤት ስለ ምን ተተከለ?» የሚል ነው። ምሕንድስና በጥቁር ሰሌዳ ብቻ የሚማሩት ነገር ስላልሆነ፣ ተማሪ ቤቱ በምን አጠገብ እንዳደገ ማወቅ ይጠቅማል። በዚህ ላይ ጥቂት ልንቆይ ነው፤ ታገሡን።

የምሕንድስና ኮሌጅ በሀገራችን በመጀመሪያ የተከፈተው በ1945 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ነው። በዚያው በ1940ዎቹ የስዊድን መንግሥት በሰጠው እርዳታ የሕንፃ ሥራ የሚያስተምር ሌላ ተቋም ተቋቋመ፤ ዛሬ በልደታ ሥነ ሕንፃና የሕንፃ ግንባታ የሚሰጥበት ክፍል መነሻው እርሱ ነው። በ1954 ዓ.ም. ልዩ ልዩ ኮሌጆች በአንድ ዩኒቨርሲቲ ሥር በተሰበሰቡ ጊዜ እነዚህም አብረው ገቡ። አምስት ኪሎ እስከ ዛሬ መሐንዲሶች የሚወጡበት ቦታ ነው። የረጅም ጊዜ ልምድ፣ ብዙ ክፍሎች፣ የሠለጠኑ መምህራን አሉት፤ የዚያኑ ያህል ውድድሩ የከረረ ነው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ራስ ገዝ ስለ ሆነም፣ የአቀባበሉን ማስታወቂያ ለብቻው መከታተል ያስፈልጋል፤ ያለፈው ዓመት ደንብ ለዘንድሮው ያገለግላል ብሎ መቀመጥ አይገባም።

ባሕር ዳር ሌላ ታሪክ አለው። ሶቪየት ኅብረት ባደረገችው እርዳታ በ1955 ዓ.ም. ገደማ ፖሊቴክኒክ ኢንስቲትዩት ተተከለ። ከተማይቱ በዚያን ጊዜ ከጣሊያን የጦር ካሣ በተገኘ ገንዘብ የተሠራ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ነበራት፤ ኢንስቲትዩቱም ጨርቃ ጨርቅን፣ ብረታ ብረትን፣ ኤሌክትሪክን፣ የእርሻ መሣሪያን ያስተምር ነበር። ዩኒቨርሲቲ ሆኖ በ1992 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ እጅግ ሰፍቷል፤ የጨርቃ ጨርቅ ትምህርት ግን ዛሬም ራሱን የቻለ ተቋም ነው። እንግዲህ ክር መፍተል የሴት አያቶቻችን ሥራ ብቻ ይመስለው የነበረ ከመካከላችን አንዱ፣ የፈትል መኪና እንዴት እንደሚሠራ ካነበበ በኋላ ባሕር ዳርን ከአራተኛ ወደ ሁለተኛ ተራ አንሥቶታል።

አርባ ምንጭ ደግሞ የእኛን የወሎ ልጆች ልብ ይነካል። በ1977 ዓ.ም. ድርቅ በዚህ በሀገራችን የሆነውን እኛ አላየንም፤ እናንተ ግን አይታችኋል፤ አያቶቻችንም ሳይነግሩን አልቀሩም። የዚያ ዘመን ሐዘን ገና ትኩስ ሳለ፣ በ1979 ዓ.ም. በአርባ ምንጭ የውሃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ተከፈተ። መስኖን፣ የውሃ ግንባታን፣ የመጠጥ ውሃን ንጽሕና የሚያስተምር ተማሪ ቤት ነበር፤ በ1996 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲ ሆኗል። በዓባያና በጫሞ ሐይቆች አጠገብ፣ ከተራራ ሥር ምንጭ በሚፈልቅበት ከተማ ውሃን መማር እንደ ምን ያለ ነገር መሆኑን ገምቱት። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የታላቁ ሕዳሴ ግድብ በተመረቀ ጊዜ ብዙ ተማሪዎች «የውሃ መሐንዲስ እሆናለሁ» ሲሉ ሰምተናል። 5,150 ሜጋ ዋት የሚያመነጭ ግድብ አይቶ እንዲህ ያለ ምኞት ቢያድርባቸው ደስ ይለናል። ነገር ግን እንዲህ ያለው ግድብ በየዓመቱ አይሠራም፤ የጉድጓድ ውሃ፣ የከተማ ቧንቧ፣ የትንሽ መስኖ ቦይ ግን በየወረዳው ይሠራል፤ ደግሞም ይበላሻል። ይህን የሚጠግን ሰው ለመሆን የሚወድ ተማሪ ነው አርባ ምንጭን በመጀመሪያ ተራ የሚጽፈው። ከሰባታችን ሁለቱ እንዲህ አድርገዋል፤ አንደኛዋ ሴት ናት፤ ስለ እርስዋ በኋላ እንናገራለን።

ከዚህ ሌላ፣ ጅማ የሕክምና መሣሪያ ምሕንድስና የሚያስተምር ሲሆን፣ በአጠገቡ ትልቅ የማስተማሪያ ሆስፒታል ስላለው ተማሪው የተበላሸውን መሣሪያ ለማየት ሩቅ አይሄድም። ሐረማያ በ1940ዎቹ በአሜሪካው የኦክላሆማ ኮሌጅ እርዳታ የተመሠረተ የእርሻ ተማሪ ቤት ስለ ነበረ፣ የአፈርንና የውሃን ጥበቃ፣ የእርሻን መሣሪያ ለሚወድ ተማሪ ይስማማዋል። የአዳማና የአዲስ አበባ የሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲዎች፣ ሁለቱም ይህን ስም ያገኙት በ2003 ዓ.ም. ሲሆን፣ የራሳቸው የመግቢያ ፈተና አላቸው፤ ስለዚህ እነርሱን የሚሻ ተማሪ ከብሔራዊው ፈተና በኋላ ዕረፍት የለውም። ስለ መቐለ፣ ስለ ሐዋሳ፣ ስለ ጎንደርና ስለ ሌሎቹ ዝም ያልነው ንቀን አይደለም፤ ርእሰ መምህሩ የሰጡን ሃያ ደቂቃ ብቻ ስለሆነ ነው።

አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ። ኮምቦልቻ ከደሴ ቁልቁል 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ የወሎ ዩኒቨርሲቲም የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩቱ እዚያ ይገኛል። ይህን ስንናገር አንዳንድ ጓደኞቻችን አፍንጫቸውን ሲነፉ እናያለን። የቅርብ ጠበል ልጥ ይነከርበታል እንደሚባለው ነው። ኮምቦልቻ ግን የፋብሪካ ከተማ ናት፤ የጨርቃ ጨርቅ፣ የብረታ ብረት፣ የቢራ ፋብሪካ አላት፤ በ2009 ዓ.ም. ደግሞ የኢንዱስትሪ ፓርክ ተመርቆባታል። ምሕንድስና የሚማር ሰው ለልምምድ ወደ ሥራ ቦታ የሚወጣበት ወቅት አለና፣ ይህ ቀላል ጥቅም አይደለም። በኢንስቲትዩቱም የጨርቃ ጨርቅ ምሕንድስና ይሰጣል። በአዲስ አበባ የሚማሩ ታላላቆቻችን የልምምድ ቦታ ለማግኘት ደብዳቤ ይዘው ከቢሮ ወደ ቢሮ ሲዞሩ ሳምንታት እንደሚያልፉ አጫውተውናል።

ይሁን እንጂ ሙገሳ ብቻ አንናገርም። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ከተማችን ድረስ በመጣ ጊዜ ወሎ ዩኒቨርሲቲ ከባድ ዘረፋና ጥፋት እንደ ደረሰበት ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ስለዚህ «የላቦራቶሪው ዕቃ ተተክቷል? የትኛው መኪና ይሠራል? ተማሪ በሳምንት ስንት ሰዓት በእጁ ይነካዋል?» ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም። ከክበባችን ሦስት ልጆች ይህንኑ ለመጠየቅ በአንድ ቅዳሜ ወርደው ነበር። ሁለት ተማሪዎች በየክፍሉ አዙረው አሳዩአቸው። የሚሠራውንም የማይሠራውንም ሳይደብቁ ነገሩአቸው፤ ልጆቹም ከሁሉ በላይ ያመኑት ይህንኑ ሳይደብቁ መናገራቸውን ነው። እንዲህ ያለ ጉብኝት የሚቻለው ለቅርቡ ብቻ ነው፤ ለሩቁ ግን እዚያ የሚማር የሀገር ልጅ ፈልጎ በስልክ መጠየቅ ይቻላል። የምንጠይቀው ተማሪ ግን የሁለተኛ ዓመት ሳይሆን የአራተኛ ወይም የአምስተኛ ዓመት ቢሆን ይሻላል። የሁለተኛ ዓመቱ ስለ ምግቡና ስለ መኝታው ነው የሚነግራችሁ፤ የአምስተኛ ዓመቱ ስለ መምህሩና ስለ መሣሪያው ይነግራችኋል።

ሌላም መጠየቅ ያለበት ነገር አለ። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ከዩኒቨርሲቲ የሚወጣ ተማሪ ሁሉ የመውጫ ፈተና ይፈተናል፤ ያላለፈ ዲግሪውን አይቀበልም። በዚያ በመጀመሪያው ዓመት በመንግሥትም በግልም ተቋሞች ከተፈተኑት ያለፉት ከመቶ 40 ጥቂት ቢበልጡ ነው። ስለዚህ «በዚህ ግቢ፣ በዚህ ክፍል ካለፈው ዓመት ተመራቂዎች ስንቱ አለፈ?» የሚለው ጥያቄ፣ የሕንፃውን ቁመትና የበሩን ማማር ከመጠየቅ እጅግ ይበልጣል። መልሱን ያገኘነው ለጥቂቶቹ ብቻ ነው፤ በጠየቅናቸው ጊዜ ያልሸሸጉንን ወደ ላይ አውጥተናቸዋል።

አሁን የቀረው ከሁሉ የሚከብደው ነገር ነው፤ እናቶቻችንና አባቶቻችን ሆይ፣ በዚህ ላይ ከእናንተ ጋር አልተስማማንም።

ቀደም ብለን ያነሣናት እኅታችን አርባ ምንጭን አንደኛ አድርጋ ጽፋለች። ከደሴ አርባ ምንጭ በአዲስ አበባ በኩል ከ800 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። አባቷ ይህን በሰሙ ጊዜ አልተቆጡም፤ ዝም ነው ያሉት። በማግሥቱ ግን «ልጄ፣ ትምህርትሽን አልጠላሁም፤ መንገዱን ነው የፈራሁት» አሏት። ይህ ቃል ስንፍና ነው ብለን የምናልፈው አይደለም። በሰኔ 2016 ዓ.ም. ከደባርቅ ዩኒቨርሲቲ ወደየቤታቸው ይመለሱ የነበሩ ተማሪዎች በመንገድ ላይ ታግተው፣ ወላጆቻቸው ምን ያህል እንደ ተጨነቁ ሁላችንም ሰምተናል። ስለዚህ «ወላጆች ኋላ ቀር ስለሆኑ ነው» የሚል ጓደኛ ሲገኝ እኛ እንቃወመዋለን። ፍርሃታችሁ እውነተኛ ነው።

ነገር ግን ይህ ፍርሃት በሴትና በወንድ ልጅ መካከል እኩል ሲሠራ አላየንም። አርባ ምንጭን አንደኛ ያደረገውን ወንድ ልጅ አባቱ «እግዚአብሔር ይከተልህ» ብለው መርቀውታል። መንገዱ አንድ ነው፤ አውቶቡሱም አንድ ነው። መንገዱ ለእርስዋ የሚያስፈራ ከሆነ ለእርሱም ያስፈራል፤ ለእርሱ የሚፈቀድ ከሆነ ደግሞ ለእርስዋ ስለ ምን ይከለከላል? ይህን በትሕትና እንጠይቃለን፤ መልሱንም ዛሬውኑ ስጡን አንልም።

ለጊዜው እኛ ያገኘነው መላ እንዲህ ያለ ነው። ሩቅ የሚሄድ ተማሪ በየዓመቱ ብዙ ጊዜ አይመላለስም፤ በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ ይመለሳል፤ የመካከሉን ዕረፍት እዚያው ግቢ ውስጥ ወይም በአዲስ አበባ በዘመድ ቤት ያሳልፋል። የሚጓዘውም ብቻውን ሳይሆን ከዚሁ ከተማ ወደዚያው ከሚሄዱት ጋር ተጠባብቆ፣ በቀን ብርሃን ነው። ለመንገድ የሚወጣው ገንዘብም በዚሁ ይቀንሳል። ይህም የማያጸናናቸው ወላጆች ቢኖሩ፣ ከዝርዝሩ ላይ ሩቁን ሁሉ ከማስፋቅ ይልቅ ከልጃቸው ጋር ተቀምጠው አንዱን ሩቅ፣ አንዱን መካከለኛ፣ አንዱን ቅርብ እያደረጉ እንዲጽፉ እንለምናለን። የእኅታችን አባት እዚህ በመካከላችሁ ተቀምጠዋል። ይህን እንድንናገር የፈቀዱልን ራሳቸው ናቸው፤ ስለ ፈቃዳቸው እናመሰግናቸዋለን፤ ውሳኔውን ግን ገና አልነገሩንም።

እኛ ሰባታችን አንድ ዓይነት ዝርዝር አላወጣንም። ሁለቱ አርባ ምንጭን፣ ሁለቱ አዲስ አበባን፣ አንዱ አዳማን፣ አንዱ ጅማን አስቀድመዋል። አንደኛው ኮምቦልቻን በመጀመሪያ ተራ ጽፏል፤ እናቱ ብቻቸውን ስለሆኑ ቅዳሜና እሑድ እየመጣ ሱቃቸውን ሊያግዝ ነው። በዚህ የሣቁበት ነበሩ፤ እኛ ግን ከሰባቱ ምክንያቶች ሁሉ የተጣራው የእርሱ ነው እንላለን፤ ምን እንደሚማር፣ የት እንደሚለማመድ፣ ማንን እንደሚረዳ ሦስቱንም ያውቃልና። በጣም የጠላነው አንድ ዓይነት ዝርዝር ብቻ ነው፤ እርሱም «አብረን እንሁን» ብለው አምስትና ስድስት ጓደኞች ቃል በቃል የሚገለብጡት ነው። ምደባው ውጤትን እንጂ ጓደኝነትን ስለማያይ፣ በአንድ ላይ የጻፉት ወደ አምስት ከተማ ይበተናሉ።

ለአሥረኛና ለአሥራ አንደኛ ክፍል ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን አንድ ማስታወቂያ አለን። ታላላቆቻችንን የጠየቅናቸውን ጥያቄና የሰጡንን መልስ፣ በየግቢው ያሉትን የምሕንድስና ክፍሎች ስም ጭምር፣ በአንድ ትልቅ ደብተር ጽፈነዋል። የመለሱልንን ሰዎች ስም አላስገባንም። ደብተሩ ከሰኞ ጀምሮ በቤተ መጻሕፍቱ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል፤ ወደ ቤት መውሰድ አይፈቀድም። በስተመጨረሻው ሠላሳ ባዶ ገጽ ትተናል፤ እኛ ከተመደብን በኋላ የደረሰብንን እየጻፍን እንልካለን፤ የክበቡ ጸሐፊ ይገለብጠዋል። ወላጆችም ሊያዩት ቢወዱ ሐሙስ ከስምንት ሰዓት በኋላ ቤተ መጻሕፍቱ ክፍት ነው።